ቁልፍ

ከሳቢያን ስንመለስ ባጃጇ ገለበጠችን፤
እኔን ክርኔን መታችኝ፣ ረምላን ጭንቅላቷን።
ስምንት ዓመቷ ነበር። ከኋላዬ ሆና ስታዜም
ውሻ ገባ፤ ፍሬን ያዝኩ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ሃያ ሦስት ቀን ተኛች።
እናቷ ፈቲያ ቀኑን ቆጠረች፣
እኔ የማራገቢያውን ዙር።
ዶክተሩ «እናያለን» ባለ ቁጥር
ምን እንደምናይ ፈራሁ።
በሃያ አራተኛው ዓይኗን ገለጠች፤
በስህተት የሰው በር እንዳንኳኳ እንግዳ
እያፈረች አየችን።

መጀመሪያ የተመለሰው ቃል «ቢሻን» ነው፣
ኦሮምኛ፣ ከእናቷ ጡት የጠባችው።
በሳምንቱ ሶማሌዋ ጎረቤታችን ሐዋ መጥታ
«ብዮ» አለቻት ረምላ፣ ኩባያዋን አይታ።
እኔ ሦስተኛዋን ጠበቅሁ። የእኔን። «ውሃ»ን።
አልመጣችም።
እዚህ አገር ልጅ ቋንቋ የሚለቅመው ከመንገድ ነው፣
እንደ ብይ፣ እንደ ቆርኪ ኪሱን የሚሞላው።
የልጄ ኪስ ተቀዶ
ምኑ የት እንደወደቀ ማን አውቆ፣ ማን ወርዶ
ይለቅምላታል?

ኢዮስያስ የሚባል ልጅ እግር ባለሙያ
ካርድ ደረደረላት፦ ፍየል፣ ጨረቃ፣ ቁልፍ፣ ማንኪያ።
ጨረቃዋን አንስቶ «ይቺስ?» ቢላት
ረጅም ዝም ብላ፣ «ቁልፍ» አለች።
ከአፌ «ጨረ...» ሲወጣ እጁን አነሳብኝ፤
«ተዋት፣ አባቷ፤ እየፈለገች ነው» አለኝ።
«ብታቀብላት ቃሉን ታገኛለች፤
ራሷ ብትፈልገው ግን መንገዱን ታወጣለች።»

ያልገባኝ ድካሟ ነበር።
ድሬ በቀትር መላው ከተማ ይተኛል፤
በዚያ ሙቀት ማን የማንን ድካም ይለያል?
እሷ ግን በማለዳም ትዝላለች፤
የሸሚዟን አንድ ቁልፍ ቆልፋ
ሁለተኛው ላይ ታንቀላፋለች።

አሸዋ ገበያ ብወስዳት
ጩኸቱ እንደ ድንጋይ ወረደባት፤
ጆሮዋን ይዛ መሬት ተቀመጠች፣
ጫማዋን አውልቃ ማንጎ ሻጯ ላይ ወረወረች።
አንዱ «ጂኒ ነው» አለ። አንዷ «ቅብጠት።»
እኔ «ጭንቅላቷን ተመትታ ነው» ለማለት
አፌን ከፍቼ፣
«ማን መታት?» የሚለኝን ፈርቼ፣
ማንጎውን ሁሉ ገዛሁት።

አሁን ግድግዳችን ላይ ሥዕል አለ፦
ባልዲ፣ ማበጠሪያ፣ ጫማ፣ በተራ።
አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ።
ኢዮስያስ ለእኔ የሰጠው ትእዛዝ ግን ከሁሉ ከበደኝ፤
«በየማታው ‹ታስታውሻለሽ?› አትበላት» አለኝ።
«የድሮዋን ረምላ እየጠራህ
አሁን የመጣችውን ደጅ አታቁማት።»

ወጥቼ ደቻቱ አሸዋ ላይ ቁጭ አልኩ።
ወንዙ ደረቅ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤
እዚህ ጠብ ሳይል ላይ ተራራው ዘንቦ
ድንገት ይሞላል።
ስንቱን ሰው እንደወሰደ ድሬ ያውቃል።
ውሃውን ልመኝ ወይስ ልፍራ
አልለየሁም።

ባጃጇ አጥር ጥግ ከቆመች ስምንት ወር።
ትናንት ሲመሽ ረምላ መጥታ
ከኋላ አይደለም፣ ከፊት፣ ከእኔ ቦታ
ወጥታ ተቀመጠች።
መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች፤
ጨረቃ ከተራራው ጫፍ ብቅ ብላለች።
ኪሴ ውስጥ ጣቴ የሞተሩን ቁልፍ ይዞ
ይንቀጠቀጣል።
«አባ፣ ቁልፍ» አለችኝ።

ሰማዩን ይሁን፣ ኪሴን፣
ወይ ደረቷ ላይ ክፍት የቀረውን
አልጠየቅኳትም። አላረምኳትም።
«አዎ» አልኳት።
ሞተሩን አላስነሳሁም።
ዞሬ ከኋላ ገባሁና
እሷ በነበረችበት ተቀመጥኩ።